በሰልፉ ቀን ቤት የቀረው

«ቀስ በይ ልጄ፣ ጎረቤት ይሰማል» አሉ ወይዘሮ ወለተሥላሴ፣ የየትነበርሽን ትከሻ አቅፈው። ከላይ ፎቅ የሚኖሩት ሆላንዳዊ ሽማግሌ እንደገና ወለሉን በዱላ እየደበደቡ ነበር። የትነበርሽ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ወተፈችና ለቅሶዋን ዋጠችው።

ሰዉ ከሮተርዳምም ከዞተርሜርም መጥቶ ሆላንድ ውስጥ ዴንሃግ ከተማ ባለችው ጠባብ ቤቷ ወለል ላይ ተደርድሯል። ሬሳ የለም፤ ያለው መርዶ ብቻ ነው። እሱንም ያመጣው ለሥልጠና ከአዲስ አበባ የመጣው አስራት ነው፤ የባሏ የባዩ የአክስት ልጅ።

«እህቱ ስንቅ ይዛ ወህኒ ቤት ስትሄድ፣ ከእንግዲህ አታምጪ አሏት» ብሎ አቀረቀረ። ያ ቃል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው በክፍሉ ውስጥ አልነበረም።

ማንደፍሮ የቀረበለትን ንፍሮ ሳይነካ በሩ ሥር ተቀምጧል። የባዩ የልብ ጓደኛ ነበር። ባዩ እዚህ የመመረቂያ ጽሑፉን የሠራው ሕንዶች እንግሊዝን ባስወጡበት ትግል ላይ ነበርና፣ ሁለቱ ኩሽና ውስጥ ሲከራከሩ ያመሹ ነበር።

«አወዳድረው እንጂ!» ይል ነበር ባዩ። «መጀመሪያ ከትምህርት ቤቱም ከፍርድ ቤቱም እንውጣ አሉ። ሕዝቡ ፖሊሶችን ሲያቃጥል መሪው ራሱ አስቆመው። በመጨረሻ ደግሞ ‹ልቀቁልን› ብለው ሲነሡ መሪዎቹ በአንዴ ታፈሱና የቀረው ሐዲድ መንቀል ያዘ። የጨው ሰልፍ ግን ይለያል። እንግሊዝ የከለከለውን ጨው ከባሕር ዳር ማንሳት አሮጊትም ትችላለች። ሁሉም የሚችለውን እምቢታ ስጠው፣ ያኔ ሕዝብ ይነሣል።»

«እንግሊዝን የጋዜጣ ወሬ ያሳፍረዋል» ይለዋል ማንደፍሮ። «ደርግ ማንን ያፍራል? አስፋልት ላይ በጣለው ሬሳ ደረት ላይ መፈክር የሚለጥፍ መንግሥት! ልክ የነበሩት ሐዲድ የነቀሉት ናቸው።»

«የእናንተ ድርጅትም ተኩሶ አይቶታል» ይላል ባዩ።

ክርክሩ እዚህ ላይ ያበቃል። የማንደፍሮ ታናሽ ወንድም የሞተው በዚያ ተኩስ ነው።

የትነበርሽ ስኬቨኒንገን ባሕር ዳር ባለ ሆቴል ውስጥ አልጋ ስታነጥፍ ትውልና፣ እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ ትሰማቸዋለች። አንድ ቀን መረራት። «ሁለታችሁም እኮ እዚህ ተቀምጣችሁ ነው የምታወሩት» አለች። ማንደፍሮ ሳቀ። ባዩ አልሳቀም። ትምህርቱን እንደጨረሰ፣ ሌላው ሁሉ ጥገኝነት ሲጠይቅ እሱ አገሩ ገባ።

ማንደፍሮ በመጨረሻ ከበሩ ሥር ቀና አለ። «አስራት፣ ለምን ነበር የያዙት?»

«በአብዮት በዓል ሰልፍ ሰበብ ነዋ። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ማንም እንዳይወጣ ተስማምተው ነበር። መፈክር የለ፣ ጩኸት የለ፤ ቤት መቀመጥ ብቻ። ይህን እንኳ አሮጊትም ትችላለች እያለ ነው ያሳመናቸው።»

«እሺ?»

«ጠዋት ላይ ሁሉም ወጡ። ልጆች አሏቸው፣ ምን ያድርጉ? ባዩ ብቻ ቀረ።»

የትነበርሽ ባዩን በዓይነ ኅሊናዋ አየችው፤ በሩን ዘግቶ፣ በመስኮቱ ሥር ወደ አደባባይ የሚወርደውን ኮቴ እያዳመጠ። አሁን ያበቃል፣ አሁን ያበቃል ሲል ኮቴው አላበቃም። ብቻውን መሆኑ መቼ ይሆን የገባው?

«አሸነፍከው» አለችው ማንደፍሮን።

ማንደፍሮ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ቆይቶ፣ «ሐሙስ እዚህ ፓርላማቸው ፊት ለፊት እንሰለፋለን» አለ።

«አንተ? ሰልፍ?»

«ሌላ ምን አለን፣ የትነበርሽ?»

ሐሙስ ዘነበ። እመጣለሁ ካለው ሰው ብዙው ቀረ፤ ፎቶ ያነሡናል፣ አገር ቤት ያሉት ዘመዶቻችን ይጎዱብናል ብሎ። የመጡትም ፊታቸውን በሻርፕ ሸፍነዋል። ጋዜጠኛ አልመጣም። አንዲት ሴትዮ «ከየት አገር ናችሁ?» ብላ ጠየቀችና መልሱን ሳትሰማ ወደ ትራሟ ሮጠች። ማንደፍሮ መፈክር ጀመረ። የሚቀበለው ሲያጣ ድምፁ መሃል ላይ ተቆረጠ።

የትነበርሽ የባዩን ፎቶ ከፍ አድርጋ ይዛ ነበር። ክንዷ ሲዝል አወረደችው። ውሃው ከግንባሩ እስከ አገጩ ይወርዳል። ከካፖርቷ ሥር የነጠላዋን ጫፍ ሳበችና ፊቱን ጠረገችለት። ወዲያው ረጠበ። መልሳ ጠረገችለት።