የሸህ ኡበይደላ ድምፅ ከየት መጣ?

ናጅዋ ያልገባት ነገር ካለ እንቅልፍ አይወስዳትም። በልጅነቷ የእናቷን ሬዲዮ ፈታታ መልሳ መግጠም አቅቷት ተገርፋለች፤ ግርፊያው ግን አላስተማራትም። አሁን ወልድያ የመንግሥት ሠራተኛ ናት። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሊወጣ የታሰበውን ደንብ ለሕዝብ የሚያስረዳና አስተያየት የሚሰበስብ ሰው ሲፈለግ፣ ቢሮው ሁሉ አንገቱን ሲደፋ እጇን ያወጣችው እሷ ብቻ ነበረች።

ሐሙስ ጠዋት አጎቷ ከግራና ደወሉላት።

«ልጄ፣ ይህን ነገር የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ቶሎ ነይልኝ። ያልተናገርሁትን በድምፄ የተናገረ አለ።»

አጎቷ ሸህ ኡበይደላ በግራና ዙሪያ የተጣላውን ሁሉ የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው። በመስኖ ውሃ ጠብ የአማን ወንድም በሙስዐብ ልጆች ተፈንክቶ ከተኛ ወዲህ፣ ሁለቱን ቤተሰብ ከደም መፋሰስ የያዛቸው የእሳቸው ቃል ነበር፤ እስከ ጁምዓ እጃችሁን ሰብስቡ፣ ጁምዓ ከሰላት በኋላ አስታርቃችኋለሁ ብለው ነበር። ታዲያ ሰሞኑን ከስልክ ስልክ የሚዞር ድምፅ መጣ። የሸሁ ድምፅ ነው፣ ጉሮሮ መጥረጋቸው ሳይቀር። «ሽምግልናው ሰልችቶኛል፤ ትቼዋለሁ። እንደ ፍጥርጥራችሁ» ይላል። አማንም «እሳቸው ከተዉትማ እኔን የሚያስረኝ ምንድን ነው?» ብሎ ዱላውን አነሳ።

ናጅዋ ከመርሳ በባጃጅ ግራና ስትደርስ ሰዉ ከመስጊዱ ጎን ለአውጫጭኝ ተቀምጦ ነበር። አውጫጭኝ ማለት ጥፋተኛው ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ የማይሄድበት ስብሰባ ነው፤ የሰማ ከማን እንደሰማ ይናገራል፣ ያም በተራው ይጠየቃል። አባቶች የከብት ሌባ ያወጡበት ነበር፤ ዛሬ የድምፅ ሌባ ሊወጣበት ነው። ናጅዋ በእንዲህ ያለ ቀን ደስ መሰኘት ነውር መሆኑ አልጠፋትም፤ ግን ደስ አላት። የደንቡ ረቂቅ ሐሰተኛ ድምፅ ስለሚሠራ ሰው ብዙ ይላል፤ ሰውየው እንዴት እንደሚገኝ ግን አንድም አይናገርም። ልታይ ነው!

አማን ከፊት ተቀምጧል፣ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ።

«ሸሁ፣ ይቅር በሉኝ» አለ። «አላልሁም ይላሉ። ተናግረው ተፀፅተው ቢሆንስ? ድምፅዎን እኮ አውቀዋለሁ። ያለው ሌላ ከሆነ ይምጣና ይንገረኝ።»

ጥያቄው ተጀመረ። አማን ያገኘው ከእህቱ ልጅ ነው። የእህቱ ልጅ መርሳ ካለች ጓደኛዋ። የመርሳዋ በስልክ ተጠየቀችና ወልድያ ባጃጅ የሚነዳ ወንድሟን ጠራች። ናጅዋ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው እየዞረች ትሰማለች፤ እንዲህ የሚጥም ነገር ሰምታ አታውቅም።

«አንድ ተሳፋሪ ሲስቅበት ሰምቼ ላክልኝ አልሁት» አለ ባለባጃጁ በስልክ። «ሞላ ይባላል፣ የቢሮ ሰው ነው።»

ናጅዋ ክው አለች። ሞላ ባለፈው ሳምንት ስለ ደንቡ ካሠለጠነቻቸው አንዱ ነው።

ሞላ ተደወለለት፤ አያነሳም። ደግመው ደወሉ፤ ዝግ ነው።

«በቃ!» ብሎ አማን ተነሳ። «ነገሩ ቢሮ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። እኔም ልሂድ።»

ድምፁ ሞላ እጅ እንዴት እንደገባ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ዝም ብትል ሥራዋም ስሟም አይነካም፤ የአማን ዱላ ግን ሙስዐብ ደጅ ይደርሳል። ፈራች፤ ግን ተነሳች።

«አማን፣ ተቀመጥ። እኔ ነኝ።»

ሰዉ ሁሉ ዞረ። በሥልጠናው ላይ የሰው ድምፅ በማሽን እንዴት ተመስሎ እንደሚሠራ ማሳየት ፈልጋ፣ በእጇ ያለ ረጅምና ጥርት ያለ ድምፅ ለሠልጣኞቹ ሰጥታ ሞክሩ እንዳለቻቸው ተናገረች። ከእነሱ አንዱ ሞላ ነው፤ ቀልዶበት ይሆናል። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የሰው ድምፅ አይነካም የሚለውን አንቀጽ በዚያው ቀን ጮክ ብላ አንብባላቸው ነበር። አጎቷን መጠየቅ ግን ትዝም አላላት።

«የትኛው ድምፄ ነው?» አሉ ሸሁ።

«ሥራ ስይዝ መርቀው በድምፅ የላኩልኝ ዱዓ።»

«ለአንቺ ነበር እኮ» አሉ ሸሁ። ከዱላ ይልቅ ያ ቃል አመማት።

አማን አሁንም እንደቆመ ነው። «የሥጋ ዘመዳቸው ነሽ፤ ልታድኛቸው ብለሽ ቢሆንስ?»

ናጅዋ ስልኳን አወጣች። አጎቷ ፊት ተንበረከከች።

«አጎቴ፣ ድምፅዎን ልጠቀምበት? ይፈቅዱልኛል?»

ሸሁ አዩዋት። ጎንበስ ብለው ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር ተናገሩ። ስልኳ ላይ ባለው ድምፅ አስመሳይ ጻፈችው፤ ስልኩን ከፍ አድርጋ ያዘች።

«አማን» አለ ስልኩ በሸህ ኡበይደላ ድምፅ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ነገ ጁምዓ ነው። ከሰላት በኋላ እጠብቅሃለሁ።»

የሸሁ ከንፈር ግጥም ብሎ ነበር። አንዲት ሴት «ያ አላህ!» አለች። አማን ስልኩን አየ፣ የሸሁን አፍ አየ፣ ደግሞ ስልኩን አየ።

«ይህንንስ... ብለዋል?» አለ ቀስ ብሎ።

«ይህንን ብያለሁ» አሉ ሸሁ በገዛ አፋቸው።

አማን ዱላውን እግራቸው ሥር አስቀመጠ። ሰዉ መበተን ሲጀምር ናጅዋ ስልኳን እያሳየች «አሁኑኑ ሁሉንም ላጥፋው» አለች።

«ማሽኑ ያለውን አጥፊው» አሉ አጎቷ። «ዱዓውን ግን ተዪው። እሱን ያልሁት እኔ ነኝ።»