ማፉታ ተው

ባሌ ቦጋለ ግትር ነው። የከባድ መኪና ሹፌር ሲሆንማ ተዉት! አብዮቱን ሸሽተን በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ ምግብ ቤት ከከፈትን ወዲህ ቀኝ ጎኑን ያመዋል፤ ለምኜም ተቆጥቼም በመከራ ክሊኒክ ሄደ። ሲመለስ ፊቱ ፈካ ብሏል።

«ጉበትህ አብጧል፤ ማፉታ ካልተውክ ያልቅልሃል አሉኝ» አለ።

እሰይ አልኩ። በስዋሂሊ ናፍጣም ማፉታ ነው። ቦጋለ ከበርሜል ናፍጣ ሲቀዳ በጎማ ቱቦ በአፉ ነው የሚስበው፤ ስንቴ ውጦት ሲያስመልሰው አይቻለሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቱቦ አፉን አላስነካም። እኔም ጉልበት ይሁነው ብዬ ጥብስ በጥብስ አደረግኩት። ጾም ሲገባ ደግሞ ሳምቡሳ፣ ዘይቱ እስኪንጠባጠብ።

ሰውዬው ባሰበት። ጎኑን ይዞ ማጎንበስ ሲጀምር እየነዘነዝኩ መልሼ ወሰድኩት።

«ዶክተር፣ ናፍጣ መሳቡን እኮ ትቷል!» አልኳቸው።

ዶክተር ሁካ ግራ ገባቸው። «የምን ናፍጣ?»

«ማፉታ ተው ብለውት የለ እንዴ!»

«ኧረ የሚበላውን ማፉታ ነው! ዘይቱን፣ ስቡን፣ ይልቁንም ተመላልሶ የተጠበሰበትን። ጉበቱን ስብ ሞልቶታል። አሁን ከተወ ይድናል፤ ካልተወ ግን እንጃ።»

ቦጋለ ሳቀ። እኔ ነኝ ለካ ያባስኩበት። በገዛ እጄ! እያጎረስኩ!

ቤት እንደገባሁ የትልቁን መጥበሻ ዘይት ጓሮ ወስጄ ደፋሁት። ሳምንት የሚከርም ጥቁር ዘይት ነው፤ ደንበኞቼ «ጣዕሙ እሱ ላይ ነው» ይላሉ። ሹፌሮቹ አጉረመረሙ።

«እታለማሁ፣ ቤቱን ልትዘጊው ነው?»

«ይዘጋ!» አልኩ።

ቦጋለ ደግሞ ያቀረብኩለትን ቅቅል ገፋ አድርጎ ሹልክ አለ። ጠፋኝ እንዴ የት እንደሚሄድ! ከነሽርጤ ጎረቤቴ ሃጂራ ምግብ ቤት ገባሁ። ቦጋለ ፊት ጥብስ ተቆልሏል። ሳህኑን አነሳሁበት። ቤት ሙሉ ሹፌር ዞሮ አየን።

«አታዋርጂኝ» አለ ዝቅ ብሎ። «ሰው የሚሞተው ቀኑ ሲደርስ ነው።»

«ቀንህ ሲደርስ ሂድ፤ አልይዝህም። ሳይደርስ ግን በዘይት አትሄዳትም! ጥቁር ለብሼ ከምቀመጥ ባሏን አዋረደች ብባል ይሻለኛል!»

እንባዬን በክንዴ ጠረግኩ። ሹፌር ፊት አልቅሼ አላውቅም ነበር።

ሃጂራ ሳህኑን ከእጄ ተቀበለችኝ። «ከዛሬ ጀምሮ እኔም ጋ ለቦጋለ ጥብስ የለም» አለች።

ቦጋለ ጣቶቹን ጠረገ። ከዚያ ተነሳ።

«ቅቅሉ ቀዝቅዟል?» አለኝ።

«አሞቀዋለሁ» አልኩት። ቤት እስክንደርስ ግን እጁን አልለቀቅኩትም።