የባለካባው እናት

«ካባው አረንጓዴ ነው!» ብሎ ደምለው ከወንበሩ ተነሣ።

ከኋላ የተቀመጡት «ተቀመጥ! ጋርደኸናል!» እያሉ ጮኹበት፤ አንዱም የሱፍ ቅርፊት ወረወረበት። አገኘሁ የጓደኛውን ኮት ይዞ ባይጎትተው ኖሮ በጎንደሩ ሲኒማ ቤት የእሁድ ከሰዓቱ ፊልም በድብድብ ለመቋረጥ ምንም አልቀረውም ነበር። በሸራው ላይ ቀይ ካባ የለበሰ ጎረምሳ ከጣሪያ ወደ ጣሪያ ይዘላል።

«ቀይ አደረጉት» አለ ደምለው እየተቀመጠ። እሱ እያንሾካሾከ መስሎት ነው እንጂ ሦስት ረድፍ ድረስ ይሰማል። «አሥራ አንድ መጽሐፍ ሙሉ አረንጓዴ የለበሰውን ሰውዬ!»

አገኘሁ ልብስ ሰፊ ነውና መጀመሪያ ያየው ጠርዙን ነበር። ስስ ጨርቅ ነው፤ በጥድፊያ ተሰፍቶ አንዱ ጫፍ ተተርትሯል። ቢሆንም የመጣው ለካባው አልነበረም። ዓይኑ በሸራው ላይ በሚታዩት ቤቶች መስኮት እየተንከራተተ አንዲት ሽበታም ሴት ይፈልግ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ደባርቅ መናኸሪያ ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ሱቁ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ዋልያ ሊያጠና መጥቶ የነበረ አንድ ፈረንጅ ድንኳኑን አሰፍቶ ሲሄድ አሥራ አንድ የሥዕል መጽሐፍ ትቶለት ሄደ። የከተማው መምህር አገላብጦ አየና እንግሊዝኛ አለመሆኑን አረጋገጠ፤ ምን እንደሆነ ግን እሱም አላወቀም። ስለዚህ አገኘሁ በየእሁዱ ከቅዳሴ በኋላ ለተሰበሰበው ሰው ሥዕሉን እያየ ይተርክ ጀመር። ጀግናውንም «ባለካባው» አለው።

በሥዕሎቹ ውስጥ የሚናገር ሰው ሁሉ ከአፉ ነጭ ነገር ይወጣል፤ በውስጡም ፊደል አለበት። የደባርቅ ሰው ይህን ለመረዳት መምህር አያሻውም፤ ጠዋት አፉን በከፈተ ቁጥር ከራሱ አፍ የሚወጣ እንፋሎት ነው። እንግዲያው የባለካባው አገር ውርጭ ነው። ውርጭ ከሆነ ካባ መልበሱ የተገባ ነው። ካባውንስ ማን አበጀለት? በሦስተኛው መጽሐፍ በመስኮት ብቅ ያለች አንዲት ሽበታም ሴት ነበረች። «እናቱ ናት፤ መጽሐፉ እንዲህ ይላል» አለ አገኘሁ፤ የሚጠራጠር አልተገኘም። የእህል በረንዳ መዛኝ የሆነው፣ ግማሽ ኪሎ እንኳ በአመኔታ የማያልፈው ደምለው ሳይቀር ዋጠው።

የአሥራ አንደኛው መጽሐፍ የመጨረሻ ገጾች ግን ተቀድደዋል። ባለካባው በአንድ ረጅም ድልድይ ላይ እየሮጠ ሳለ ታሪኩ ይቆማል። ያ ጉድለት ለዓመታት ማንንም አላሳሰበም ነበር፤ አገኘሁ ከአሥራ አንድ ወደ አንድ እየተመለሰ ይተርክ ነበርና። የጠላ ሻጯ የገበያነሽ አንድያ ልጅ፣ ስጦታ የሚባለው፣ ለብሔራዊ ውትድርና ሲወሰድ ግን ነገር ተለወጠ። ከአስመራ አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ዝም አለ። ገበያነሽ ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ባለካባው ለእናቱ ተመለሰላት?»

«ገና መንገድ ላይ ነው» ይላል አገኘሁ። ዘጠኝ ወር እንዲህ ሲል ከረመ።

የባለካባው ፊልም ጎንደር መግባቱን የአውቶቡስ ረዳት ባወራ ጊዜ ቀበሌ ድረስ ሄዳ የይለፍ ወረቀት ያስጻፈችላቸው ገበያነሽ ናት፤ የጉዞው ምክንያትም «ክር ለመግዛት» ተባለ። ለመንገድ ዳቦ ቆሎ ቋጠረችላቸውና «መጨረሻውን ሳታዩ እንዳትመጡ» ብላ ሸኘቻቸው።

መጨረሻውንም አዩት። ሽበታሟ ሴት ለአፍታ በመስኮት ብቅ ብላ አበባዋን ውኃ አጠጣች። ባለካባው በአጠገቧ ሲያልፍ ሰላም እንኳ አላላትም፤ ለካ ጎረቤቱ ብቻ ናት። ወንበዴዎቹን ሁሉ ደብድቦ ሲያበቃ አንድ ከፍ ያለ ፎቅ ላይ ወጥቶ እጁን አጣምሮ ቆመ፤ የአዳራሹም መብራት በራ።

በማግስቱ በአውቶቡሱ ደምለው እስከ ወገራ ድረስ ሲያማርር ሄደ።

«ካባው ቀይ! ጫማው ሌላ! ሰውየው ደግሞ ቀጭን! እነዚህ ሰዎች መጽሐፉን አይተውታል?»

«ቀለሙን ተወው» አለ አገኘሁ። «ሰዉ ሁሉ እጀ ጉርድ እንደለበሰ አላየህም? አገሩ ሙቀት ነው። በዚያ ሙቀት ካባ ምን ያደርግለታል?»

«ለማማር ይሆናላ።»

«የእኛ ለብርድ ነበር የሚለብሰው። እናቱ ናት ያለበሰችው። ያ ሲቀር አረንጓዴ ቢያለብሱትስ ምን ይሆናል?»

ደምለው ትንሽ አሰበና «ዝላዩን ግን አሳምረውታል፤ ሐሰት አልናገርም» አለ። «ጭላዳ እንኳ እንዲያ አይዘልም።»

አገኘሁ ሣቀ። ሣቁን ሳይጨርስ «ደምለው፣ እናቱን የፈጠርኳት እኔ ነኝ» አለው። «መጽሐፉን ማንበብ አልችልም። ሴትዮዋን ሳያት እናት መሰለችኝ፤ በቃ።»

«ስምንት ዓመት ‹መጽሐፉ እንዲህ ይላል› ስትለን?»

«አዎ።»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አሉ» ብሎ ደምለው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ዳባት ቃል አልተነፈሰም። ዳባት ላይ ወርዶ ሽምብራ ቆሎ ገዛ፤ ሲመለስ ግማሹን በአገኘሁ መዳፍ ላይ አፈሰሰለት። ኩርፊያው በዚህ አበቃ፤ ደምለው ቂም አያውቅም።

«ለገበያነሽ ምን ልትላት ነው?»

«እኔንም የጨነቀኝ እሱ ነው። ተመለሰ ብላት ለስጦታ መመለስ ምልክት አድርጋ ትይዘዋለች። ነገ የቀበሌ ሰው መርዶ ይዞ ቢመጣስ? በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

«አልተመለሰም በላታ። ፊልሙ ላይ አልተመለሰም።»

«አንተ ትላታለህ?»

ደምለው ቆሎውን ማኘክ አቆመ። «እኔማ አልችልም» አለ።

ገበያነሽ መናኸሪያው በር ላይ ቆማ ትጠብቃቸው ነበር። ጉንጫቸውን ሳመች፤ ስለ መንገዱ ጠየቀች፤ ሱቁ እስኪከፈትም ታገሠች። አግዳሚው ላይ ከተቀመጠች በኋላ ነው «እህስ፣ ተመለሰ?» ያለችው።

አገኘሁ ይህችን ሴት ይወዳታል፤ የሚፈራውም ስለሚወዳት ነው።

«እትዬ ገበያነሽ፣ ፊልሙ ላይ እናት የለችውም።»

«ሞታበት ነው?»

«አይደለም። ከነጭራሹ የለችም። መጽሐፉም ላይ ቢሆን ያችን ሴት እናቱ ያደረግኋት እኔ ነኝ። ዋሸሁዎት፤ ይቅር ይበሉኝ።»

ገበያነሽ የነጠላዋን ጫፍ አፍተለተለች። ደምለው የማያስፈልገውን መቀስ አንሥቶ ማገላበጥ ጀመረ።

«ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ምን ሆነው ነው?» አለች በመጨረሻ። «ይህን ሁሉ ሰው የሚያድን ልጅ ያለ እናት ይቆማል?»

«እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው!» አለ ደምለው፤ እሱ ግን እንዲህ ብሎ አያውቅም።

«እንግዲህ እስከ ድልድዩ ያደረስከው አንተ ነሃ» አለችው አገኘሁን።

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያ አምጣው።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ... ስጦታን...»

«ስጦታን አምጣልኝ አልኩህ?» ድምፅዋ ከፍ አለ። «ስጦታን የሚያመጣው እግዚአብሔር ነው፤ ለእሱም ጧት ማታ እየነገርኩት ነው። አንተ ይሄኛውን አምጣ! ዘጠኝ ወር ሙሉ ድልድይ ላይ ገትረህ የምታስበርደውን!»

አገኘሁ ዘጠኝ ወር ለእሷ ሲጠነቀቅ የኖረ መስሎት ነበር፤ የጠበቀው ግን ራሱን እንደሆነ አሁን ገባው። አሥራ አንደኛውን መጽሐፍ ከመደርደሪያው አወረደ። ትንሽ ይዞት ቆየና ሳይገልጠው መልሶ አስቀመጠው።

«የምነግርዎ መጽሐፉ ላይ የለም» አለ። «የራሴ ነው።»

ደምለው ይቃወማል ብሎ ቀና ቢል ሰውየው መቀሱን አኑሮ ከገበያነሽ ጎን ተቀምጧል።

«ድልድዩን ሲሻገር ጀምበር ልትጠልቅ ነበር» ብሎ አገኘሁ ጀመረ። «የሰፈሩ ውሾች አልጮኹበትም፤ አውቀውታል። በሩ ጋ ደረሰ። ከማንኳኳቱ በፊት እናቱ ኮቴውን ሰማችና ወጣች። አየችው...»

«ከስቷል» አለች ገበያነሽ።

አገኘሁ በአሳቡ ባለካባውን የሚያመጣው ደንዳና አድርጎ፣ ትከሻውን አስፍቶ ነበር። ገበያነሽን አያት። እሷ እሱን አላየችም፤ ዓይኗ የተተከለው በሩ ላይ ነው።

«አዎ፣ ከስቷል» አለ። ከዚያም ቀጥሎ ያለውን እሷ እንድትነግረው ዝም አለ።