ታሚሎቹ የቆረጡት ዘፈን

ወይዘሮ ባንቺአየሁ የልጅ ልጃቸውን ክንዱን ሁለት ወር ሙሉ ከግቢ አላስወጡትም ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ጎረምሳ ከየመንገዱ የሚታፈስበት ጊዜ ነው፤ ክንዱ ደግሞ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ቁመቱ ከሩቅ የሚታይ። እናቱ ሰገነት ወደ ፋብሪካ ፈረቃዋ ስትወጣ ሁልጊዜ የምትለው አንድ ነገር ነው፦ «እማዬ፣ ልጄን አደራ።»

አንድ እሑድ ጧት ክንዱ እየዘለለ መጣ።

«እምዬ፣ ያ ፊልምሽ መጥቷል አሉ! ልጇ ገበያ ላይ የሚጠፋባት እናት!»

ፊልሙን የእሳቸው ቢሉት አያስነውርም። በንጉሡ ጊዜ ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ቆሎ ሲሸጡ፣ ቲኬት ቆራጩ እያስገባቸው ሰባት ጊዜ አይተውታል። ከህንድኛው አንድ ቃል ሳያውቁ ታሪኩን እንደ ዳዊት ይደግሙታል። ክንዱ ያደገው እሱን እየሰማ ነው።

«አይሆንም» አሉት።

«እዚህ ከምበሰብስስ ይውሰዱኝ!»

ይቺ ቃል አራደቻቸው። አንድ ቀን አጥር ዘሎ ቢሄድስ? እኔው በዘዴ ብልከው ይሻላል፣ አሉ በልባቸው። የቀበሌ ጥበቃዎች ሲኒማ ቤቱን የሚከቡት ፊልሙ ሊያልቅ ሲል እንደሆነ አገር ያውቃል።

«እንግዲህ ስማ። እናትዮዋ ወንዝ ዳር ተቀምጣ መዝፈን ስትጀምር ፊልሙ ሩብ ሰዓት ይቀረዋል። ያን ጊዜ ተነሥ። በሽንት ቤቱ በኩል በምትወጣው በር ውጣና በሐይቁ ዳር፣ በደንገሉ ውስጥ ለውስጥ ና። መጨረሻውን እኔ እነግርሃለሁ።»

ግቢያቸው ውስጥ ተከራይተው የሚኖሩት ህንዳዊው የሒሳብ መምህር ሰልቫም ልብስ እያሰጡ ይሰሙ ኖሮ፣ «እማማ፣ ይኼ እርስዎ ያዩት አይደለም» አሉ። «የእርስዎ በሂንዲ ነው። ይኼኛው የእኔ ክፍለ አገር ሰዎች በታሚል ቋንቋ እንደገና የሠሩት ነው።»

«ልጇ ይጠፋባታል?»

«ይጠፋባታል።»

«ታገኘዋለች?»

«ታገኘዋለች እንጂ።»

«ታዲያ ምኑ ተለየ? ሂንዲ ሆነ ታሚል፣ እናንተ እንደሁ ያለ ዘፈን አታለቅሱ!»

መምህሩ ሳቁ፤ እሳቸውም ሳቁ። አንድ ጥያቄ ቢጨምሩ ኖሮ፣ አንዲት ጥያቄ ብቻ!

ፊልሙ በስምንት ሰዓት ጀመረ። ባንቺአየሁ ሐይቁ ዳር ቆመው ዓይናቸውን ከደንገሉ ላይ ሳይነቅሉ ዐሥር ተኩል አለፈ። ከዚያ ከሲኒማ ቤቱ በኩል ጩኸት ሰሙ። ነጠላቸው ወድቆ ቀረ፤ ሮጡ።

ክንዱን ያገኙት የቀበሌው ግቢ ውስጥ፣ ከሽቦው ወዲያ ነው።

«እምዬ፣ አልዘፈነችም እኮ!»

«ምን ማለትህ ነው አልዘፈነችም?»

«ወንዝም የለ፣ ዘፈንም የለ። አሁን ትዘፍናለች፣ አሁን ትዘፍናለች ስል አቀፈችውና መብራት በራ።»

ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ባንቺአየሁ ጣታቸውን በሽቦው አሾልከው እጁን ያዙ።

«አንተስ ምነው ዝም ብለህ ብትወጣ!»

«አንቺ ዘፈኑን ጠብቅ አላልሽኝም?»

ባንቺአየሁ እጁን ለቀው ዞሩ። ጥበቃውን በማርያም፣ በጊዮርጊስ ለመኑት። «እማማ፣ ዞር ይበሉ፣ እኔንም አያስቀጡኝ» አላቸው። ጥቂት ቆይቶ ልጆቹን የጫነው መኪና በመራዊ መንገድ ነጎደ።

ወደ ቤት ሲመለሱ መንገዱን ሁሉ ውሸት ሲያሰናዱ መጡ። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሳለሁ አጥር ዘሎ ወጣ ልበላት? ከደጅ ያዙብኝ ልበላት? ሰገነት ከፋብሪካ ተመልሳ ቤቱ በር ላይ ቆማለች።

«ክንዱስ?»

ያሰናዱት ሁሉ ከአፋቸው ጠፋ።

«በመኪና ጭነው በመራዊ መንገድ ወሰዱት። እኔ ነኝ የላክሁት፣ ልጄ። ፊልም እንዲያይ እኔ ነኝ የላክሁት።»

ሰገነት እናቷን አንድ ጊዜ አየቻቸውና የሥራ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ በመራዊ መንገድ መሮጥ ጀመረች። መኪናው ከሄደ ቆይቷል፤ ባንቺአየሁ ያውቃሉ። ተመለሺ ለማለት ግን አፍ አልነበራቸውም።