ባሕር የበላት ከተማ ሁለት ወንበር

ወይንሸት አቮንዴል እስቴትስ በሚባል ሰፈር ቤታቸው እየሄደች የምትንከባከባቸው እንግሊዛዊት አሮጊት አሉ፤ ሚስስ ማርጋሬት ይባላሉ። አንድ ጠዋት ቁርሳቸውን ስታቀርብ ግድግዳው ላይ ስለተሰቀለው የባሕር ዳርቻ ሥዕል ጠየቀቻቸው።

«ዳንዊች ነው፣ የአያቶቼ አገር» አሏት። «ድሮ ትልቅ ወደብ ነበር። ማዕበል እየሸረሸረው፣ ቤተ ክርስቲያኖቹ ሳይቀሩ ባሕር ገቡ። እንዲያም ሆኖ እስከ 1832 ድረስ ሁለት ሰው ፓርላማ ይልክ ነበር።»

«ከተማው ሰጥሞ?»

«ትንሽ መንደር ቀርታ ነበር። በመጨረሻ መራጩ ሠላሳ ምናምን ሰው ነው። ያን ሁሉ ሕዝብ የያዘው ማንችስተር ግን የራሱ ተወካይ አልነበረውም።»

ማንችስተርን ወይንሸት የምታውቀው ባሏ ኳስ ሲያይ ነው። ገረማት። የምሳ ሰዓቷን ስልኳ ላይ ስትፈልግ፣ ስታነብ ጨረሰችው። ይበልጥ የደነቃት የፓርላማ ወንበሩን ማንም አለመስረቁ ነው፤ ሲሰጥ ከተማው ሙሉ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ዞር ብሎ ያየው የለም።

እሑድ የእድር ስብሰባ ነበር። ደንቡ የተጻፈው አብዛኛው አባል ብሩክሄቨን ሰፈር ተከራይቶ ሲኖር ስለሆነ፣ ብሩክሄቨን በእድሩ ኮሚቴ ሁለት ተወካይ አለው፣ ብዙዎቹ በኋላ የተዛወሩበት ሊቶኒያ ግን አንድ። ወይንሸት እጇን አወጣች።

«አቶ ጥላዬ፣ ብሩክሄቨን ስንት ቤተሰብ ቀረን?»

ሰብሳቢው መዝገቡን አገላበጡ። «አራት።»

«ሊቶኒያስ?»

«ዘጠና ሁለት።»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። የብሩክሄቨን ተወካይ ጋሽ ፍቅረማርያም ግን አልሳቁም። እድሩን ከመሠረቱት አንዱ ናቸው።

«እኔን ለማውረድ ነው፣ ወይንሸት?»

«ኧረ በስመ አብ! እርስዎማ አባቴን የቀበሩልኝ ሰው ነዎት። ማወቅ ፈልጌ ነው እንጂ።»

ጋሽ ፍቅረማርያም ተነሥተው ቆሙ። «ሁለተኛው ወንበር ባዶ ከሆነ ሁለት ዓመቱ ነው። ሰው ሳጣለት እኔው በሁለት ድምፅ ስወስን ነበር። የጠየቀኝም የለ።»

ከብዙ ክርክር በኋላ ደንቡ እንዲለወጥ ተወሰነ፤ ሊቶኒያ ሦስት ወንበር፣ ብሩክሄቨንና አካባቢው አንድ። ለዚያች አንዷ ጋሽ ፍቅረማርያም ራሳቸው፣ በእሳቸው ምትክ፣ ከአካባቢው ወጣቷን ኑሃሚንን ጠቆሙ።

ወይንሸት አንገቷን ደፍታ መኪናዋን ፓርክ ወዳደረገችበት ስትሄድ ጋሽ ፍቅረማርያም ጠሯት።

«ይህን ነገር ከየት አመጣሽው?»

ስለ ዳንዊች ነገረቻቸው። ግንባራቸውን ቋጥረው አዳመጡ።

«ቆይ፣ ቤታቸው ባሕር ሲገባ ሰዎቹ የት ሄዱ?»

«እሱን አላነበብኩም።»

«ታዲያ ዋናውን ትተሽ ወንበር ትቆጥሪያለሽ?»

ሚስስ ማርጋሬት ፈቅደው፣ ቅዳሜ ወይንሸት ጋሽ ፍቅረማርያምን ይዛ እቤታቸው ሄደች። ሁለቱ አዛውንቶች ቤታቸው ባሕር ስለገባባቸው ሰዎች በእሷ አስተርጓሚነት ሲጠያየቁ ምሳ ሰዓት አለፈ።