ለበር የሚሆን ስቱኮ

ኣቦይ ሓድጉ የሰው መኪና ሲያዩ መጀመሪያ የሚያደርጉት ባለቤቱን ሰላም ማለት አይደለም፤ መኪናውን ማንኳኳት ነው። የቀለበት ጣታቸውን አጥፈው በሩን ኳ ኳ ያደርጉና ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ድምፁ ጥርት ካለ ዝም ብለው ያልፋሉ። ዱብ ዱብ ካለ ግን ለሠፈሩ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ «ስቱኮ!» ይላሉ። ይህ መኪና ተጋጭቶ፣ ተለስኖና ተቀብቶ ነው ንጹሕ የመሰለው ማለታቸው ነው። በገዛ ልጃቸው በዘቢብ ሠርግ ቀን የሙሽሮቹን መኪና አንኳኩተው «ስቱኮ!» ብለዋል። ከዚያ ሙሽራዋ ተኳኩላ ስትወጣ አዩና ያንኑ ቃል ደገሙት።

የእሳቸው ሰማያዊ ዲኤክስ ግን ሌላ ፍጥረት ናት። «ከፋብሪካ እንደ ወጣች ናት። ኣንዲት ማንኪያ ስቱኮ የላትም» ይላሉ፤ በዕድር፣ በለቅሶ ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሳይቀር። ይህን ያልሰማ ሰው መቐለ ውስጥ ካለ ትናንት የመጣ ነው። እርግጥ ነው፣ የእሳቸውን መኪና አንኳኩቶ የሚያውቅ ሰው የለም፤ አያስነኩም። ውሃም አይነካትም። «ከተማው የሚጠጣው የዓይናለም ጉድጓድ ውሃ ኖራ ይበዛበታል፣ ቀለም ይበላል» ብለው በነጭ ጋዝ በረጠበ ጨርቅ ብቻ ያሿታል። ሰማዩ ጠቆር ካለ ከቆርቆሮ ጥላዋ አትወጣም። አርባ ዓመት የመቐለን ግድግዳ ሲለስኑ የኖሩ ሰው በጡረታቸው ያላቸው ጌጥ እሷ ብቻ ስለሆነች፣ ሰዉም ይሁን ብሎ ትቷቸዋል።

የእኛ ሰው ወንድሜነህ የዘቢብ ባል ነው። የደሴ ልጅ ሲሆን ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በአንድ የልብስ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ስፌት ላይ እንከን ሲፈልግ ይውላል። ተጋብተው የሚኖሩት በአማቹ ግቢ፣ ከኋላ ባለችው ሁለት ክፍል ቤት ነው። በመጀመሪያው ወር ኣቦይ ሓድጉ «ኣንታ ጋሻ፣ ና» እያሉ ሲጠሩት ደረቱ ተነፋ። ጋሻዬ ሊሉኝ ነው፣ መከታዬ ማለታቸው ነው ብሎ ለእናቱ ደሴ ድረስ ደውሎ ነገረ። ዘቢብ ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። በትግርኛ ጋሻ ማለት እንግዳ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰውየው ወንድሜነህ ብለው ጠርተውት አያውቁም። እንግዳ ደግሞ ይዋል ይደር እንጂ ይሄዳል ተብሎ ነው የሚጠበቀው፤ ወንድሜነህን የሚያንገበግበውም ይኸው ነበር።

እንግዲህ ኣቦይ ሓድጉ የዓይናቸውን ሞራ ለማስገፈፍ ከባለቤታቸው ከኣደይ ኣሰለፈች ጋር አዲስ አበባ ሄዱ። ሲሄዱ ቁልፉን ለወንድሜነህ ሰጡት። «ጧት ጧት ኣሥር ደቂቃ ሞተሩን ኣሙቃት። ከግቢ ግን ኣትወጣም» አሉት። በሁለት ዓመት ውስጥ ያገኘው የመጀመሪያው ሹመት ነበር። ሦስት ቀን በታማኝነት አሞቀ። በአራተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ነበር፣ እስከ ኲሓ ደርሼ ብመለስ ማን ያየኛል አለ። ክፉኛ ተሳስቶ ነበር፤ ምክንያቱም ያየው የግቢው በር ዓምድ ነው። ሲመለስ የኋላ ቀኝ በሩን አምስት ጣት ስፋት ባለው ጉድጓድ አከበረለት።

ዘቢብ ወጥታ በሩን አየችና ባሏን አየች። «ሞትክ» አለችው፤ ከዚህ የተሻለ የሚባል ነገርም አልነበረም። ወላጆቿ የሚመለሱት በሚቀጥለው እሑድ ነው። ወደ ጋራዥ እንዳይወስዳት በከተማው ያሉ ባትላሜራዎች፣ የመኪና ቆርቆሮ የሚቀጠቅጡት ሰዎች ሁሉ፣ የኣቦይ ሓድጉ ወዳጆች ናቸው። ቀለሙ ሳይደርቅ ወሬው አዲስ አበባ ይገባል። ስለዚህ ወንድሜነህ ራሱ ሊሠራት ወሰነ። በሕይወቱ የጠገነው ነገር ቢኖር የጓደኛው ባጃጅ ላይ የለጠፈው ተለጣፊ ነው፤ እሱም ተገልብጦ ነው የተለጠፈው። ግን ዩቲዩብ አለ።

ሰኞ ዕለት የአገሩ ልጅ ወደ ሆነው ወደ ይማም የሕንጻ መሣሪያ ሱቅ ሄደ።

«ስቱኮ ስጠኝ።»

«ለምን የሚሆን?»

ወንድሜነህ ዘወር ዘወር ብሎ አየ። መኪና የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ ጉዳዩ አደባባይ ወጣ ማለት ነው።

«ለበር» አለ።

ይማም አንድ ከረጢት ነጭ ዱቄት አሸከመው። «ውሃ ብቻ ጨምርበት» አለው። ወንድሜነህ በዩቲዩብ ያያቸው ፈረንጆች ከጣሳ እያወጡ፣ ማድረቂያ በጠብታ እየለኩ ሲጨነቁ ትዝ አሉትና አዘነላቸው። ምን ዓይነት ሕዝብ ነው፣ በውሃ የሚሆነውን ነገር እንዲህ የሚያወሳስብ!

ከልስኑ በፊት ግን ጉድጓዱ ወደ ውጭ መመለስ አለበት። አንድ ቪዲዮ ላይ ሰውየው የፈላ ውሃ ሲያፈስበት ጉድጓዱ ጧ ብሎ በራሱ ተመለሰ። የሰውየው መኪና ያ ቦታው ፕላስቲክ መሆኑን ወንድሜነህ ያስተዋለው በኋላ ነው። ማክሰኞ ከሥራ በጊዜ ወጥቶ ትልቁን ማንቆርቆሪያ ጣደ፤ ውሃው ሲንተከተክም በሩ ላይ ለቀቀው።

ጧ ያለ ነገር የለም። ይልቅስ ቀለሙ እንደ ወተት ቆዳ ተኮማተረ። ከስንጥቁ ነጭ ነገር መንጠባጠብ ጀመረ። ቀጥሎ አንድ የሠሐን ስፋት ያለው ቁራጭ ተላቅቆ እግሩ ሥር ጧ አለ፤ ይኸኛው በትክክል ጧ አለ። ወንድሜነህ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

ዘቢብ ድምፁን ሰምታ ሮጣ መጣች። «ወንዴ፣ መኪናዋን ቀቀልካት?»

«ቀለጠች» አለ በሚያሳዝን ድምፅ። «መኪና ይቀልጣል እንዴ?»

እሷ ቁራጩን አንሥታ አገላበጠችው። ሁለት ጣት ውፍረት ያለው ጄሶ ነው። መሐሉ ላይ ቃጫ አለ፣ ሥርዓት ባለው መልኩ ወዲህና ወዲያ የተጋደመ፤ ለሳኝ ኮርኒስ ሲሠራ እንዳይሰነጠቅ ብሎ የሚያስገባው ዓይነት። ሁለቱም ተያዩ። ወንድሜነህ በጣቱ ጫፍ የቀረውን ፈቀፈቀ። ከሥሩ የወጣው ብረት ከዳር እስከ ዳር የተጨማደደ፣ የዛገና የጥንት ጉድጓድ ያለበት ነበር። እሱ ያጎደጎደው ብረት አልነበረም ማለት ነው። እሱ የጎዳው ልስኑን ነው።

ዘቢብ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። «ሰባት ዓመቴ ቢሆን ነው» አለች። «መኪናዋ ታማለች ተብሎ ግቢው ሦስት ቀን ተዘግቶ ነበር። አባቴ ሲወጣ ሲገባ ፊቱ ነጭ በነጭ ነው። እኔ ደግሞ እሷን ሲያስታምም የደከመው መስሎኝ ውሃ አቀብለው ነበር።» ከዚያ መሳቅ ጀመረች። ሳቋ እየበረታ ሄዶ የጎረቤት ውሻ ሁሉ ጮኸ። «ውሃ አታስነኳት! የዓይናለም ውሃ ኖራ አለው! ወይኔ አባቴ!»

ወንድሜነህም ሳቀ፤ ግን ሳቁ ውስጥ ሌላ ነገር አለ። የሁለት ዓመት ጋሻነት ነው። አሁን ይህን በር እንደ ተፈቀፈቀ ትቶ እሑድ ዕለት እጁን አጣምሮ ቢቆም፣ ኣቦይ ሓድጉ ከዚያ በኋላ በማን ፊት ያንኳኳሉ? ሐሳቡ እንደ ጥሩ ምሳ አፉ ውስጥ ጣፈጠው። በማግሥቱ ለይማም በሹክሹክታ ነገረው።

ይማም ወንበሩን ስቦ ቀረበ። «ተወው እንዳለ! መላ መቐለ ይየው። የእኔን ፒካፕ ስንት ጊዜ አንኳኩተው አስቀውብኛል።» ከዚያ ጭንቅላቱን አከከ። «ቆይ፣ ለመኪና ነው እንዴ የወሰድከው? እኔ የሰጠሁህ እኮ የግድግዳ ነው! ለበር ስትለኝ የቤት በር መስሎኝ ነው። አምጣው፣ የመኪናውን ልቀይርልህ።»

ወንድሜነህ ጣቱ ላይ የቀረውን ነጭ ዱቄት አየ። እንከን መፈለግ እንጀራው ነው፤ ግን ያን ቃጫ ሲያየው እንከን አልነበረም። አንድ ሰው ብቻውን ሦስት ቀን በሩን ዘግቶ፣ በሚያውቀው ሙያ ብቻ፣ የሚያፍርበትን ነገር የሸፈነበት ሥራ ነው። ሃያ አምስት ዓመት ስንጥቅ አላወጣም። ይህን ከሰው ፊት መግፈፍ ከበደው፤ ከዚያም በላይ ደግሞ አሳፈረው።

«አትቀይርልኝ» አለ። «የግድግዳው ነው የሚስማማት። ቃጫ ካለህ ጨምርልኝ።»

«አብደሃል» አለው ይማም፤ ቃጫውን ግን በነጻ ሰጠው።

ወንድሜነህ ረቡዕ ማታ በሩን ለሰነ፤ ከዚያ ከሥራ በተመለሰ ቁጥር ሲሞርድ፣ ሲያቃና ሰነበተ። ልስኑ ሳያስበው አማረ። ቀለሙ ግን አላማረም። የገዛው የሚረጭ ቀለም ጣሳ ላይ የተጻፈው ሰማያዊ ከመኪናዋ ሰማያዊ ጋር የሩቅ ዘመድ ነው፤ ትንሽ ወደ አረንጓዴ ያደላል። ሁለት ቦታ ላይ ወዙ እንደ ወረደ ሰው ተንጠባጥቧል። አንዲት ዝንብም እርጥቡ ላይ አርፋ እዚያው ቀርታለች፤ ሊያነሣት ሲል ክንፏ ብቻ ወጣ።

ቅዳሜ ኣቦይ ሓድጉ ደወሉ። «በኣዲሱ ዓይኔ መጀመሪያ ማየት የምፈልገው እሷን ነው። በእሷ ተቀበሉኝ» አሉ። ከኋላቸው የኣደይ ኣሰለፈች ድምፅ አንድ ነገር ሲል ተሰማ፤ ዘቢብ ለባሏ ልትተረጉምለት አልፈለገችም።

እሑድ ረፋዱ ላይ በአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ መኪና ማቆሚያ ሊቀበላቸው የመጣው ሰው ጥቂት አልነበረም። ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው ጎረቤታቸው ኣቶ ገዛኢ ነው፤ በሠፈሩ ውስጥ መኪናው ከሁሉ በላይ የተንኳኳበት ሰው። ኣቦይ ሓድጉ ጥቁር መነጽር አድርገው ወጡ። መነጽሩን ከፍ አድርገው ሚስታቸውን ትኩር ብለው አዩና «ኣንቺም ኣርጅተሻል ለካ» አሉ። ወደ ዲኤክሷ ዞሩ። ከፊት አዩዋት፣ ከግራ አዩዋት። ወደ ቀኝ ሲዞሩ ቆሙ።

ሽማግሌው ገና አንድ ቃል ሳይናገሩ ኣቶ ገዛኢ ስንት ዓመት የጠበቀውን አደረገ። የቀለበት ጣቱን አጥፎ የኋላውን ቀኝ በር አንኳኳ።

ዱብ ዱብ።

«ሓድጉ!» አለ፤ ሻንጣ ተሸካሚዎቹ ሁሉ ዞሩ። «ስቱኮ!»

የኣቦይ ሓድጉ ፊት አመድ መሰለ። ያን ጊዜ ወንድሜነህ በመኪናዋና በኣቶ ገዛኢ መካከል ገብቶ ቆመ።

«እኔ ነኝ» አለ ጮክ ብሎ። «ኣቦይ ሓድጉ አትውሰዳት እያሉኝ ወስጄ አጋጨኋት። ስቱኮውም የእኔ ነው። ከዚህ በፊት አንድም አልነበረባትም።»

ኣቶ ገዛኢ ድግሱ የተበላሸበት ሰው መሰለ። «ሓድጉ፣ ጋሻህ ጉድ ሠራህ በለኛ!»

ኣቦይ ሓድጉ ለወንድሜነህ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ጠየቁ። «ውሃ ነክቷታል?»

«የፈላ፣ ኣቦይ።»

ሽማግሌው አዲሶቹን ዓይኖቻቸውን ጨፈኑ። ወንድሜነህ ሁሉን እንዳየ ገባቸው። ሲገልጧቸው ወደ ኣቶ ገዛኢ ዞረው «መኪና ያለው ሰው ይጋጫል። ግባ ወደ መኪናህ!» አሉና ከፊት ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡ። መሪው ለወንድሜነህ ቀረ።

ኲሓን አለፉ። ከዚያ ኣቦይ ሓድጉ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ «ቃጫ ኣስገብተሃል?» አሉ።

«ሁለት ድርብ፣ ወዲህና ወዲያ።»

«ስንት ቀን ደረቀ?»

«ሦስት።»

«ያንሳል። ኣራት ነው የሚያስፈልገው።»

«እኔ ያኔም አምስት ብዬህ ነበር» አሉ ኣደይ ኣሰለፈች ከኋላ። ዘቢብ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች።

ኣቦይ ሓድጉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ የወንድሜነህን ትከሻ አንድ ጊዜ መታ አደረጉት።

«ጎበዝ፣ ጋሻየ» አሉ።

ወንድሜነህ ሁለት ዓመት የዋጠው ጥያቄ መሪውን እንደያዘ አመለጠው። «በትግርኛ ነው ወይስ በአማርኛ?»

ሽማግሌው አንገታቸውን አዙረው የኋላውን በር አዩ።

«በኣማርኛ» አሉ። «በል ቀስ ብለህ ንዳ፣ ወንድሜነህ። በሩ እንዳይወድቅብን።»