የኢታና ክንድ

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ቱሉ ነገሩን ሲያስረዳ ቀላል አስመሰለው። ከዊንጌት በላይ ያሉት ሸማኔዎች በማኅበር ተደራጅተዋል፤ ማኅበር ደግሞ አንድ መለኪያ ሊኖረው ይገባል። ሜትር በአዋጅ የገባው ገና በንጉሡ ዘመን ቢሆንም እስከ ሸማኔው ጉድጓድ ድረስ አልወረደም፤ ሸማ ዛሬም የሚለካው በክንድ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ሸማኔው ሁሉ የክንድ ዘንጉን ይዞ ይመጣል። አንድ ሰው እያንዳንዱን ዘንግ በሜትር ይለካል፤ የማን ክንድ እንደሆነም ይጽፋል፤ እስካሁን በክንድ የታዘዘው ሸማ በዚያ ስሌት ወደ ሜትር ተለውጦ ለባለቤቱ ይሰጣል። የተለካው ዘንግ እዚያው ይሰበራል።

"የሒሳብ መምህርት ስለሆኑ እርስዎን መርጠናል" አላት።

"እሺ" አለች ሠርካዲስ። ባሏ ከተወሰደ ወዲህ ቀበሌ ገብታ ከዚህ ቃል ሌላ ተናግራ አታውቅም። ግን እቤቷ ደርሳ ደብተር ስታሰምር "የማን ክንድ" የሚለው ዓምድ ላይ እጇ ቆመ። ዳኜ ሸማኔው ቤት፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ አንድ ቀርከሃ አለ። የባሏ የኢታና ነው።

ኢታና ማተሚያ ቤት የሚሠራ፣ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራንን የሚመራ ረጅም ሰው ነበር። በሠፈሩ ልማድ ሸማ የሚያሠራ ሰው የወደደውን ሰው ክንድ ይዞ መሄድ ይችላል፤ ስለዚህ ሴቶቹ "ጋሽ ኢታና፣ ክንድህን አውሰን" እያሉ ወደ ዳኜ ቤት ይጎትቱት ነበር። እሱም እየሳቀ ይሄዳል፤ ክርኑን ድሩ ላይ ተክሎ እጁን ይዘረጋል። በመጨረሻ ዳኜ መረረው። "ይሄን ሰውዬ ከሥራ ከምታስቀሩት" አለና፣ ከኢታና ክርን እስከ መሐል ጣቱ ጫፍ ለክቶ ቀርከሃ ቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ በዘንጉ ይለኩ ጀመር፤ ስሙን ግን የኢታና ክንድ ከማለት አልተውም።

ኢታናን አምና በሚያዝያ ወሰዱት። አስከሬን አልተሰጣትም። ማልቀስ ክልክል ስለነበር ድንኳን አልተተከለም፤ ጥቁርም አልለበሰች። ክንዱን ተንተርሶ የተኛበት ቦታ የት እንደሆነ አታውቅም። ሆድ ይፍጀው ብላ በነጋታው ትምህርት ቤት ገባች፤ ሰሌዳው ላይ ክፍልፋይ አስተማረች።

ቅዳሜ የቀበሌው ግቢ በሰው ሞላ። ሸማኔዎቹ ዘንጋቸውን፣ ሸማ ያዘዙት ሴቶች ጥርጣሬያቸውን ይዘው መጡ።

የመጀመሪያው ዘንግ አርባ አራት ሳንቲ ሜትር ሆነ።

"እግዜር ይይላችሁ!" አለች ብርቅነሽ የምትባለው የሠፈሩ አፈኛ። "ይሄ የሰው ክንድ ነው የዶሮ?"

"የአባቴ ክንድ ነው" አለ ሸማኔው ተቆጥቶ።

"አባትህ ምን ነክቷቸው ነው? ነፍሳቸውን ይማርና ጋቢዬ ጉልበቴ ላይ የቀረው በእሳቸው ነዋ!"

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ከጋሞ የመጣው ሽማግሌ በበኩሉ፣ በእነሱ ዘንድ ክንድ ብቻውን እንደማይቆጠር፣ ከጣት ጫፍ በላይ አንድ ጋት ለምርቃት እንደሚጨመር አስረዳ። ከእንጦጦ ማዶ የወረደው ቶለሳ ደግሞ "እኛ ጋ የሚለካው በገዢው ክንድ ነው፤ ሸማኔው እጁን ሰብስቦ ይቀመጣል" አለ። ሠርካዲስ ሁሉንም ሰማች፤ ሁሉንም ጻፈች። የባለጌ ማጭበርበር ነው ሲባል የኖረው ልዩነት፣ እያንዳንዱ ሰው የሚያምነውን ሰው ክንድ ከመያዙ የመጣ መሆኑን አየች። የአንዱ አባት፣ የሌላው አማች፣ የሦስተኛው የመንደር ዳኛ። እያንዳንዱ ዘንግ በተለካ ቁጥር ባለቤቱ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይሰብረዋል።

ዳኜ መጨረሻ መጣ። ቀርከሃውን ጠረጴዛው ላይ ሲያኖረው ፊቷን አላየም።

"ልደብቀው አስቤ ነበር፣ ልጄ" አላት በዝግታ። "ግን የማያውቀው ሰው የለም።"

ለካችው። ሃምሳ ሦስት። ዳግመኛ መለካት አላስፈለጋትም፤ ቢሆንም ክርኗን ከዘንጉ ጫፍ አስጠግታ እጇን በላዩ ዘረጋች። ቀርከሃው ከጣቷ አንድ ጋት አልፎ ሄደ። ጫፉ ከብዙ እጅ መነካካት ለስልሷል።

"የማን ክንድ ነው?" አለ ቱሉ ከወዲያ፣ ማኅተሙን እያዘጋጀ።

ዳኜ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ። "የኔ ነው በይና ጻፊ። ምን አለበት?"

የዳኜ ክንድ ከሸሚዙ እጅጌ ወጥቶ ይታያል፤ አጭር ነው። ማንም ግን አይከራከራትም ነበር። እንዲህ ብትጽፍ በሰላም ቤቷ ትገባለች፤ ቀርከሃው ይሰበራል፤ የኢታና ነገር በዚያው ያልቃል። ብዕሩን አነሳች። ኢታና ብላ ጻፈች፤ የአባቱንም ስም ጨመረች፤ ከጎኑ ሃምሳ ሦስት።

ቱሉ መጥቶ ከትከሻዋ በላይ አነበበ። በር ላይ የቆመው አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ።

"ይሄ ስም…" አለ ቱሉ።

"ምን ሆነ?" አለች ብርቅነሽ። "ሦስት ልጆቼን ስድር ያለበስኩት በዚያ ክንድ ነው። አንተስ ብትሆን፣ ቱሉ፣ ያቺ የሰርግህ ጋቢ በማን ተለካች?"

ቱሉ በር ላይ ወዳለው ጠባቂ ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ማኅተሙን ቀለም አስነካና ገጹ ላይ መታው።

"ሃምሳ ሦስት" አለ ለራሱ እንደሚያወራ። "ረጅም ሰው ነበር።" ቀጥሎ ዳኜን "ስበረው፤ ትእዛዝ ነው" አለው።

ቀርከሃው እንቢ አለ። ዳኜ ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ በሦስተኛው በቁመቱ ተሰንጥቆ ጮኸ። ከሴቶቹ መሐል አንዷ ልቅሶ ለቀቀች፤ ሌላዋ ተቀበለቻት፤ ወዲያው ግቢው የልቅሶ ቤት መሰለ።

"ምንድን ነው ይሄ? ማንን ነው የምታለቅሱት?" ብሎ ጮኸ ጠባቂው።

"ዘንጋችን ተሰበረብን" አለች ብርቅነሽ፣ እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች። "ለዘንግ ማልቀስ ክልክል ነው?"

ጠባቂው ወደ ቱሉ አየ። ቱሉ ጀርባውን ሰጥቶ የማኅተሙን ክዳን እየገጠመ ነበር፤ ሥራውም አላልቅ ብሎታል።

ሠርካዲስ ደብተሩን ዘጋች። ብድግ አለች። ከዚያ የነጠላዋን ጥለት ከታች ወደ አንገቷ አምጥታ፣ ሐዘን እንደ ደረሰበት ሰው አዘቀዘቀችው፤ ሴቶቹም አንድ በአንድ እየመጡ እጇን ያዙ።